ካርታው እጅ ላይ፣ መዝገቡ የት?
በዱራሜ ቤት ለሚገዛ፣ ንግድ ለሚከፍት፣ ገንዘብ ለሚያበድር

ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በፊት በዱራሜ ከተማ የተሰጠ የይዞታ ካርታ ወይም የንግድ ፈቃድ ራስጌው ላይ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልና የከምባታ ጠምባሮ ዞን ስም ይነበብበታል። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ ክልልም ሆነ ዞን የለም። ክልሉ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ዞኑ ደግሞ ከምባታ ተብሏል። ጠምባሮ ራሱን ችሎ ልዩ ወረዳ ሆኗል። ማኅተሙም ቲተሩም ተቀይሯል።

ሰነዱ በስም መለወጥ ብቻ ዋጋውን አያጣም። ለገዢና ለአበዳሪ ትልቁ ጥያቄ ወረቀቱ የተቀዳበት ዋናው መዝገብ ዛሬ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝና ማን ገልጦ ሊያሳየው እንደሚችል ነው። ይህን ሳያጣራ ቀብድ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን የሰጠው ለደላላው ቃል ነው።

ጉዳዩ በዱራሜና በሆሳዕና ገበያ ክብደት የሚኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዙ ወጣቶች የሚልኩት ገንዘብ ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በእነዚህ ከተሞች ቤት ሲሠራበትና ሲገዛበት ቆይቷል። ገንዘቡን የላከው ሰው ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ካርታውን በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ ያያል። ፎቶግራፍ ደግሞ ቦታው ለሌላ ሰው መሸጡን፣ ለባንክ መያዙን ወይም በፍርድ ቤት መታገዱን አይናገርም።

የተንከራተተ መዝገብ

ዱራሜ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ አለቃ ቀያይራለች። በንጉሡና በደርግ ዘመን አካባቢው በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይተዳደር ነበር፤ የአውራጃው ከተማም ሆሳዕና ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው አደረጃጀት ዱራሜ የዞን ከተማ ሆነች፤ የክልሉ መቀመጫ ደግሞ ሐዋሳ። ሀላባ ቀድማ ከዞኑ ወጥታ ውሎ አድሮ ራሷ ዞን ሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የዱራሜ ሰው ጉዳይ ከሐዋሳ ወደ ሆሳዕና ዞረ። ይሁንና የአዲሱ ክልል ዋና መቀመጫ ሆሳዕና ብትሆንም ቢሮዎቹ ሁሉ በእርሷ አልተሰበሰቡም፤ በክልሉ ልዩ ልዩ ከተሞች ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ስለዚህ «ወደ ክልል ሄጄ አጣራለሁ» የሚል ባለጉዳይ ከመሳፈሩ በፊት የሚፈልገው ቢሮ በየትኛው ከተማ እንዳለ መጠየቅ አለበት።

መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የሚለወጠው በአብዛኛው የላይኛው እርከን ነው። ነጋዴው የሚፈልገው መዝገብ ግን በአብዛኛው ታች ነው። የከተማ ይዞታ ፋይል ያለው በከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ የገጠር ይዞታ ፋይል በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የግብር ፋይል በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ማጣራት ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ሲሄድ ጊዜም የትራንስፖርት ወጪም ይቆጥባል። ከላይ የጀመረ ሰው የሚያገኘው መልስ «ወደ ከተማው አስተዳደር ይሂዱ» የሚል ደብዳቤ ነው።

ከዚህ ለየት የሚለው ለሁለት የተከፈለው ዞን ነው። ሙዱላ ወይም ሌላ የጠምባሮ አካባቢ ያለ ንብረት የሚገዛ ሰው በቀድሞው ዞን መምሪያ እጅ የነበረው ፋይል ወደ ልዩ ወረዳው ተዛውሮ እንደሆነ ወይም ዱራሜ ቀርቶ እንደሆነ በሁለቱም በኩል መጠየቅ ይኖርበታል።

አድራሻ ፍለጋ

የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ግማሹን አድራሻ ይናገራል። በክልል ደረጃ ያለው «ቢሮ»፣ በዞን ያለው «መምሪያ»፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ያለው ደግሞ «ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ደብዳቤ ላይ «የንግድ መምሪያ» የሚል ካዩ ዞን ነው፤ «ጽሕፈት ቤት» የሚል ካዩ ወረዳ ወይም ከተማ ነው። ይህን ሳይለዩ ስልክ መደወል የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው።

በስልክ በኩል የዱራሜ መደበኛ መስመር በ046 554፣ የሆሳዕና ደግሞ በ046 555 ይጀምራል። «የዱራሜ ማዘጋጃ ቤት ቁጥር ነው» ተብሎ የተሰጠዎ የሞባይል ቁጥር ከሆነ ያ የአንድ ሠራተኛ ስልክ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ሠራተኛው ሲዛወር ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቁጥሩን የሰጠው ሻጩ ወይም ደላላው ሲሆን ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ «አዎ ካርታው ትክክል ነው» የሚለው ድምፅ የማን እንደሆነ ማወቂያ የለም። ቁጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከደብዳቤው ግርጌ ወይም ከዞኑ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን መምሪያ መውሰድ ይሻላል።

ቢሮው ሲገኝ የሚቀጥለው ኃላፊውን መፈለግ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ደግሞ መስክ ይወጣሉ። ዋናው በር መዝገብ ቤት ነው። ማንኛውም የመንግሥት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ያ ቁጥር ከወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብለው የተዘረዘሩት ክፍሎችም አንዳንድ ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል። በቁጥርና በቀን ሲጠየቅ በመዝገቡ የማይገኝ፣ ግልባጭ የተደረገለት ክፍልም የማያውቀው ሰነድ ካለ ቀብዱ ከኪስ አይውጣ።

ለየትኛው ጉዳይ የትኛው መዝገብ?

የከተማ ቤት፦ ከማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ ፋይል ላይ ሦስት ነገር ይታያል፤ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋትና አዋሳኝ፣ እንዲሁም ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ። ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሻጩ በራሱ ማመልከቻ ያስወጣ፤ ገዢው ግን ደብዳቤውን ከሻጩ እጅ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ይቀበል። በሕግ የሚሸጠው ቤቱና የሊዝ መብቱ እንጂ መሬቱ አለመሆኑም አይዘንጋ።

የሽያጭ ውል፦ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። ሻጩ ሽያጩን ላልካደበት ሁኔታ በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ቢያለሰልሱትም፣ በሦስት እማኝ ብቻ ቡና ቤት የተፈረመ ውል ሻጭ በካደ ዕለት ገዢውን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

ውክልና፦ ለውጭ አገር ነዋሪ ይህ ትልቁ ቀዳዳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ ለሽያጭ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሻጩ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ወንድሙ የሚፈርምለት ከሆነ ውክልናው ፕሪቶሪያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል መምጣቱን፣ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መስጠቱንና አለመሻሩን ማረጋገጥ የገዢው ሥራ ነው።

የገጠር መሬት፦ በከተማው ዳር «ነገ ወደ ከተማ ይካለላል» እየተባለ የሚሸነሸን የእርሻ መሬት አለ። የአርሶ አደሩ የይዞታ ደብተር እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል። እዚህ ላይ የሚያድን መዝገብ የለም።

ንግድና ብድር፦ የነጋዴ ምዝገባና ፈቃድ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ሥርዓት ላይ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊታይ ይችላል። ለዚህ ዱራሜ መሄድ አያስፈልግም። በተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም በማሽን ወይም በመጋዘን ዕቃ ዋስትና የሚያበድር ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በብሔራዊ ባንክ የተቋቋመውን የዋስትና መዝገብ አስቀድሞ ይፈትሽ። አንድ የቡና መፈልፈያ ለሁለት አበዳሪ ተይዞ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው።

መጠየቅ መብት ነው

ብዙ ባለጉዳይ መረጃ የሚጠይቀው እንደ ውለታ ነው። በ2000 ዓ.ም. ቁጥር የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን የመንግሥት አካላት መረጃ እንዲሰጡ ግዴታ ጥሏል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱን ክፍል አልሻረውም። ሥርዓቱ ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ቀርቦ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ የተከለከለ ሰውም ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት እንዲል ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካልተሰጠው ግን 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃ አይኖርም። የሌላ ሰው የግል መረጃ በአዋጁ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ገዢ ብቻውን ሄዶ የሻጭን ፋይል ላያይ ይችላል። መፍትሔው ሻጩን ይዞ መሄድ ነው። አብሮ ማዘጋጃ ቤት ለመሄድ የሚያቅማማ ሻጭ ያለ ደብዳቤ መልሱን ሰጥቷል።

በአሜሪካ በየካውንቲው የንብረት መዝጋቢ ቢሮ ስላለ፣ ባለቤት ያልሆነ ሰውም የአንድን ቤት የሽያጭና የመያዣ ታሪክ ማየት ይችላል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ 47 ካውንቲዎችን ፈጥራ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ስታስጀምር የመሬት መዝገቡን በብሔራዊው መንግሥት እጅ አቆይታዋለች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከናይሮቢ ጀምራ በኮምፒዩተር መፈለጊያ ሥርዓት ላይ ማስገባት ጀምራለች። አስተዳደር ሲከፋፈል መዝገቡ አብሮ መበተን የለበትም ማለት ነው።

ማን ይከፍላል?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ገዢ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ባልቻለበት ገበያ የደህናው ዕቃ ዋጋ አብሮ እንደሚወርድ አሳይቷል። የእርሱ ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር፤ ለካርታም ይሠራል። ገዢው በቀላሉ ማጣራት ካልቻለ የሁሉንም ሰነድ እንደ አጠራጣሪ ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። የሚጎዳው ንጹሕ ካርታ ያለው ሻጭ ነው። ደላላውም ቢሆን ከዚህ አያተርፍም፤ አንድ ቤት ለሁለት ሰው የተሸጠበት ሠፈር ለዓመታት ገዢ ይሸሸዋል።

ስለዚህ የዱራሜ ከተማ አስተዳደር የየክፍሉን ስልክ፣ የቢሮ ቁጥርና የሚሰጠውን ሰነድ ዓይነት በአንድ ሰሌዳ ጽፎ በሩ ላይ ቢሰቅል ወጪው የአንድ ቀለም ቀቢ ደመወዝ ነው፤ ጥቅሙ ግን በከተማው ቤት ዋጋ ላይ ይታያል። እስከዚያው ገዢዎች ክፍያን በሁለት ከፍለው ትልቁን ድርሻ ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚለው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ከማዘጋጃ ቤት እስኪወጣ ቢያቆዩት ይበጃል። ይህን ቅድመ ሁኔታ በውሉ ውስጥ ለማስገባት ደላላውን ማስፈቀድ አያስፈልግም።