በአውድማ ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሣን በሕግ ስለ መጠየቅ

በበሬ እያበራየን እህል ስንወቃ በአውድማ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቢበዛ የበሬ ርግጫ ወይም የመንሽ ውጋት ነበር። ዛሬ በብዙ ወረዳ የመውቂያ ማሽን ገብቷል። ማሽኑ የሳምንቱን ሥራ በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ ነገር ግን ነዶ የሚያጎርሰው ሰው የጋቢው ጫፍ በቺንጋው ከተያዘ እጁን ይዞበት ይገባል። ስለ ማሽን አያያዝ ደጋግመን ጽፈናል። አሁን የምንጽፈው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ብዙ ገበሬ እጁን በማሽን ያጣና መብቱን ደግሞ በወረቀት ያጣልና።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። አንድ ገበሬ በጎረቤቱ ደቦ ላይ ተገኝቶ ስንዴ ሲያጎርስ የቺንጋው መከለያ በመነሣቱ ልብሱ ተያዘና ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ እንበል። ማሽኑ ከከተማ በኩንታል ሒሳብ ተከራይቶ የመጣ ነው። ገበሬው ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ባለ ማሽኑ ሽማግሌ ይልካል። የሕክምናውን ወጪና ጥቂት ብር ይሰጡታል፤ «ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀትም ያቀርቡለታል። ቤቱ ገንዘብ ቸግሮታል፣ ሽማግሌም ማሳፈር ነውር ነው፤ ስለዚህ በግራ አውራ ጣቱ ይፈርማል። ከጥቂት ወር በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርፉን በአንድ እጅ ጅራፉን በሌላው መያዝ እንደማይችል ያውቀዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዛሬም የሚሠራበት፣ እንዲህ ያለውን የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ጉዳቱ ከታሰበው በላይ ሆኖ ተገኘ ብሎ ወረቀቱን ማፍረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሽምግልናን አንነቅፍም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚኖረው በእርሱ ነው። የምንለው ስለ ጊዜው ነው። ሐኪሙ «ሕክምናው አልቋል፤ የቀረው ጉዳት ይህን ያህል ነው» ሳይል የመጨረሻ ወረቀት አትፈርሙ። ባለ ማሽኑ ለሕክምና ገንዘብ ቢሰጥ ተቀበሉ፤ በደረሰኙ ላይ ግን «ለሕክምና ወጪ የተከፈለ» ተብሎ ብቻ ይጻፍ።

ለመሆኑ ተጠያቂው ማነው? ብዙዎች «ባለ ማሽኑ አውቆ አላደረገውም፣ ስለዚህ አይጠየቅም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በዚሁ ሕግ የማሽን ወይም የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። የሚድነው ወይም ዕዳው የሚቀንሰው ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። እንግዲህ የባለ ማሽኑ መከራከሪያ «ሳይጠነቀቅ እጁን ራሱ ከተተ» የሚል እንደሚሆን ከወዲሁ ዕወቁት። መከለያው ተነሥቶ እንደ ነበረ ያየ ሰው ምስክርነት ትልቅ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ማሽኑን የተከራየው ተጎጂው ራሱ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ውል ስላለው ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይታያል። በደመወዝ የተቀጠረ ሠራተኛም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በኩል ቀጣሪውን የሚጠይቅበት መንገድ አለው። የትኛው እንደሚሻል የሚለየው የሕግ ባለሙያ ነው። (መንገዳችንን ትንሽ ለቀን እንናገር፤ የሰው በሬ ወግቷችሁ እንደ ሆነም ባለቤቱ ኀላፊ ነው። በእርሱ በኩል ጥፋት ከሌለ ግን በሬውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከዕዳው ሊወጣ ይችላል።)

ከሁሉ በላይ የምናሳስባችሁ ቀኑን ነው። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ በረዥሙ ይታሰባል፤ በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ግን አይገባም። በሥራ ውል የሚጠየቀው ደግሞ በአንድ ዓመት ሊታገድ ይችላል። ሽማግሌዎች «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ከመስቀል በኋላ» እያሉ ሲቀጥሯችሁ ዘመኑ ይሄዳል። በሽምግልና መቀጠር ክስ ማቅረብ አይደለም።

ማስረጃ የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለፖሊስ አመልክቱ፤ ቦታውና ማሽኑ ሳይነካ እንዲታይ አድርጉ። በአውድማው ላይ የነበሩትን ሰዎች ስም መዝግቡ። የመድኀኒት ደረሰኝ፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ የሐኪም ወረቀት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይቀመጥ። ሕክምናው ሲያልቅ የዘላቂው ጉዳት መጠን ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በሕክምና ቦርድ እንዲወሰን ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ጉዳቱን የሚመዝነው ይልቁንም በዚህ ነው።

ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል ሕጉ። ይህም ያወጣችሁትን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት የሚቀርባችሁን ገቢ ይጨምራል። የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ያቀርባል፤ ገበሬ ምን ያቀርባል? እዚህ ላይ የልማት ሠራተኛው ሥራ ይመጣል። የዚያ ገበሬ ማሳ ስፋት፣ የዘራው ሰብል፣ የወሰደው ማዳበሪያ፣ የሰጠው ምርት በመዝገብህ ካለ፣ ያ መዝገብ በፍርድ ቤት የእጁ ዋጋ ማስረጃ ነው። በትክክል ጽፈህ፣ ስትጠየቅም ቀርበህ መስክር። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩም አብሮ ይቅረብ። ልኩ በቁርጥ ሊታወቅ ያልቻለ እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ ይወስናል፤ ለዚህም ቢሆን መነሻ ያስፈልገዋል። ስለ ሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ግን ከአንድ ሺህ ብር እንዳያልፍ ያው የ1952ቱ ሕግ ወስኖታል፤ ስለዚህ ተስፋችሁን በእርሱ ላይ አትጣሉ።

ጠበቃ ስትይዙ በፍርድ ቤት በር ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ጠበቃ ነው አትበሉ። ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፣ ደላላም አለ። ጠበቃ የጥብቅና ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ስድብ አይደለም። በአካባቢያችሁ የሚሠራ ጠበቃ ቦታውን ሄዶ ለማየትና ምስክሮቹን ለማነጋገር ይቀለዋል። ዋጋውን፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ክሱ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የውክልናውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት አስነብባችሁ ስሙ። ጠበቃ ስለ እናንተ ሆኖ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ይህን ሥልጣንና ገንዘብ የመቀበልን ሥልጣን ሳታስቡበት አትስጡ።

ገንዘብ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በድሃ ደንብ ክስ ለማቅረብ ቢያመለክትና ድህነቱን ቢያስረዳ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ይከሳል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተዋል። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ይረዳል።

ፖሊስ የወንጀሉን ክስ ቢተወው፣ ወይም ሾፌሩ በነጻ ቢለቀቅ፣ የካሣ መብታችሁ አብሮ አልሞተም፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ነጻ መለቀቅ አይታሰርም። ክሱንም ባለ ማሽኑ በሚኖርበት ከተማ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ በደረሰበት አገር ማቅረብ ይቻላል። ባለ ማሽኑ የሌላ ክልል ነዋሪ ከሆነ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ስለሚለወጥ፣ ይህን ለጠበቃው መጀመሪያ ንገሩት።

አንድ ነገር ቀርቷል። መውቂያ ማሽን መከሩ ሲያልቅ ተጭኖ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ይሸጣል። በእጁ ምንም ከሌለው ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ንብረቱ ሊሸሽ መሆኑን የሚያሳይ ምክንያት ካላችሁ፣ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ ያመልክት። ለዚህም በዚያው በአደጋው ቀን የማሽኑን ዓይነትና ቁጥር፣ የጎተተውን ትራክተር ወይም የጫነውን መኪና ሰሌዳ፣ የባለቤቱን ሙሉ ስምና አድራሻ አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ በደብተር ይጻፍላችሁ።