ከትንሽ ትል የተነሳው ምርምር ለኖቤል ሽልማት በቃ

አሜሪካዊው የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ቪክቶር አምብሮስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ትል ላይ ያካሄዱት ምርምር እውቅና ያገኘው ከረጅም ትዕግሥት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ በ1953 የተወለዱት ፕሮፌሰር አምብሮስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1979 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አግኝተዋል። በዚያው ተቋም ሥራቸውን ቀጥለው የትሏ እድገት የሚዛባበትን ምክንያት ማጥናት ጀመሩ።

በሴል ውስጥ የዘረ መል መመሪያ በመልእክተኛ አር ኤን ኤ አማካይነት ተገልብጦ ፕሮቲን ይሠራበታል። ተመራማሪው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 ይፋ ባደረጉት ጥናት ግን ሊን-4 የተባለው ዘረ መል ፕሮቲን እንደማይሠራ፣ ይልቁንም እጅግ አጭር አር ኤን ኤ እንደሚያመነጭ አረጋገጡ። ፕሮፌሰር ጋሪ ሩቭኩን በበኩላቸው ይኸው አጭር አር ኤን ኤ ከመልእክተኛው ጋር በመጣበቅ የፕሮቲን ምርትን እንደሚገታ አሳዩ።

ግኝቱ የትሏ ብቻ ልዩ ባሕርይ ተደርጎ በመታየቱ ለዓመታት በቂ ትኩረት አላገኘም። የፕሮፌሰር ሩቭኩን ቡድን በ2000 ሌት-7 የተባለውን ሌላ አጭር አር ኤን ኤ በሰውና በበርካታ እንስሳት ሲያገኝ አመለካከቱ ተለወጠ።

በሰው ልጅ ዘረ መል ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች እንዳሉና የአሠራራቸው መዛባት ከካንሰር ጋር እንደሚያያዝ ዛሬ ይታወቃል። ሁለቱ ተመራማሪዎችም የ2024 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

የተመራማሪው የሥራ ዘመን ጠቀሜታው ወዲያውኑ የማይታይ መሠረታዊ ምርምር የማያቋርጥ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ያስገነዝባል።