ሕፃኑ ፊት ላይ ያለው ቀይ ምልክት

ባለፈው ሳምንት ከእህቶቻችን አንዷ የእህቷን ልጅ ፎቶ አሳየችን። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ከግንባሩ እስከ ጉንጩ የቀይ ስር ውሃ የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት አለው። ጎረቤቱ «አምሯት ያጣችው ነገር ነው» እያለ እናቱን ያስለቅሳታል።

እናቱ ያጠፋችው ነገር የለም። ጽንሱ ሲሠራ በሕዋስ ውስጥ በሚፈጠር የዘረመል ለውጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው ይቀራሉ። ተመራማሪዎች ለውጡን በ2013 እ.ኤ.አ. ለይተውታል። ከ1000 ሕፃናት በ3ቱ ገደማ ይታያል፤ ስሙም ፖርት ዋይን ስቴይን ነው።

ቀይ ምልክት ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ማጅራትና የዓይን ቆብ ላይ የሚታየው ፈዘዝ ያለ ቅላት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሄማንጂዮማ ደግሞ ከተወለዱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ብቅ ብሎ ያብጣል፣ ከዚያም በዓመታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ዓይን ወይም መተንፈሻን የሚያሰጋ ከሆነ በቅድሚያ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብ መድኃኒት ነው። የዚህ ሕፃን ዓይነቱ ግን በራሱ አይለቅም። ከልጁ ጋር ያድጋል፣ ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል፣ ይወፍራል።

ሌዘር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። 595 ናኖሜትር የሆነውን ቢጫ ብርሃን በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይመጠዋል፤ ደም ሥሩም ግሎ ይዘጋል። ብልጭታው የሚቆየው ለሰከንድ ሺኛ ያህል ስለሆነ ሙቀቱ ወደ አካባቢው ቆዳ ብዙም አይዛመትም። ይህን መርህ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ሲነካ የተወጠረ ላስቲክ ሲለቀቅ እንደሚያመው ያማል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለአንድ ሁለት ሳምንት በልዞ ይቆያል፤ ያልተነገራቸው ወላጆች ይደነግጣሉ። በየሳምንታቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ምልክቱ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው በጥቂቶች ነው። ቆዳው ስስ፣ ምልክቱም ትንሽ ሳለ በሕፃንነት መጀመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የቆዳችን ጥቁረት የሚመጣበት ሜላኒንም ይህንኑ ብርሃን ይመጣል፤ ጉልበቱ ከበዛ ቆዳው ሊቃጠል ወይም ቀለሙ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱ ይቀነሳል፣ ቆዳው በደንብ ይቀዘቅዛል፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከራል። ሐኪሙን «ጥቁር ቆዳ ላይ ሠርተው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሌዘር ሁሉም አንድ አይደለም፤ የውበት ሳሎን የፀጉር ማንሻ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም።

ግንባርና የላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ሲሆን ግን ከቆዳው የሚቀድም ጉዳይ አለ፦ ስተርጅ ዌበር የተባለው ችግር የዓይን ግፊትንና የሚጥል በሽታን ሊያስከትል ይችላል። ለእህታችን የነገርናትም ይህንኑ ነው፤ ከሌዘሩ በፊት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፣ ቢንቀጠቀጥ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሆስፒታል ይግባ።