ዳገት የሚያወጣው ጉልበት ቁልቁለት አይዝም

ወልድያ መውጫ ላይ ቆሞ ጭነት መኪኖችን ያስተዋለ ሰው፣ በአቅሙ የሚሠራውን ሞተርና ከአቅሙ በላይ የተገፋውን በጭሱ ይለያቸዋል። የመጀመሪያው ዳገቱን በቀስታ፣ ስስ ጭስ እየተነፈሰ ይወጣል። ሁለተኛው ቀድሞት ያልፋል፤ ከኋላው ግን መንገዱን የሚያለብስ ጥቁር ደመና ይተዋል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ጭስ የጉልበት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ጭሱ ግን ሞተሩ የበላው ናፍጣ እንዳልተቃጠለለት የሚናገርበት መንገድ ነው።

አካባቢው ሞተር የሚፈተንበት ነው። ከደሴ የሚመጣው መንገድ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ቁልቁል ይወርዳል፤ መርሳና ሲሪንቃን አልፎ ወደ ወልድያ እንደገና ከፍ ይላል። ከወልድያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ቆቦና አላማጣ ሲወርድ፣ ሌላው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ መንገድ፣ በድልብ በኩል ተጠማዝዞ ጋሸና ላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ይደርሳል። የሐብሩን ማንጎና ብርቱካን፣ የቆቦን ሽንኩርት፣ ከደቡብ የሚመጣውን ሲሚንቶና ብረት የሚያመላልሱት አይሱዙና ሲኖትራኮች ኑሯቸው እዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው።

አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ክብደትን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ከያዝን የዳገቱን ሒሳብ ማንም ይሠራዋል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 6 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ፣ ለሽቅቡ ብቻ 130 ያህል የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ ይፈልጋል። ጭነቱ ጨምሮ 40 ቶን ሲሆን ቁጥሩ ወደ 180 ይጠጋል። ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ነው። ትርፍ የሚጭን ባለንብረት ትርፍ ጉልበት ይፈልጋል፤ ትርፍ ጉልበት ያገኘ ደግሞ ሌላ ትርፍ ይጭናል።

ፋብሪካዎች ራሳቸው ጉልበትን ሲጨምሩ ኖረዋል፤ የጨመሩት ግን በዝግታና ብረቱን አብረው እያጠነከሩ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ አገራችን ያስገቡት፣ አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ ያሉት ፊያት፣ ከ8.3 ሊትር ሞተር 75 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበር የሚያወጣው። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤንትሬ ከ11.5 ሊትር 180 ያህል አወጣ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ባለ 371ዱ ሲኖትራክ ሞተሩ 9.7 ሊትር ብቻ ነው። ከአንድ ሊትር የሚገኘው ጉልበት ከ9 ወደ 38 ሲያድግ ፒስተኑ፣ ቢየላው፣ የዘይቱ መንገድ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ተለውጧል። ጋራዥ ውስጥ በአንድ ከሰዓት የሚጨመረው ጉልበት ይህን ሁሉ አይለውጥም፤ የሚለውጠው አንድ ብሎን ነው።

ያ ብሎን የናፍጣው ፓምፕ ላይ ነው። ፋብሪካው ለክቶ በእርሳስ ማኅተም ያሽገዋል። «ፓምፑን ትንሽ ክፈትልኝ» ሲባል ማኅተሙ ይበጠስና ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚረጨው ናፍጣ ይጨምራል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ይኸው ሥራ በኮምፒውተሩ በኩል ይሠራል። ለውጡ ወዲያው ይታያል፤ መኪናው ይነሳል፣ ሾፌሩም ይደሰታል። ናፍጣ ግን ለመቃጠል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ስስ ነው። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ወደ 18 በመቶ ይሳሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሩቡን ያህል ያጣል። ናፍጣ ጨምሮ አየር አለመጨመር ምድጃ ውስጥ እንጨት እንደማጨቅ ነው፤ የሚበዛው ጭሱ ነው። ልዩነቱ፣ ሞተር ውስጥ ጭሱ ብቻውን አይወጣም። ዘግይቶ የሚቃጠለው ናፍጣ በጭስ ማውጫው በኩል የሚያልፈውን ሙቀት ወደ 700 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይገፋዋል። ብዙዎቹ ፒስተኖች የሚሠሩበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተን እስካሁን ያልቀለጠው ከታች ዘይት እየተረጨበት ስለሚቀዘቅዝ ነው። ያ ዘይት ግን የተመጠነው ለፋብሪካው ሙቀት ነው።

ግፊቱንም እናስላው። የሲኖትራኩ ፒስተን ስፋቱ 126 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ 150 ባር ሲደርስ ፒስተኑን የሚጫነው ኃይል 19 ቶን ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ ይህን ምት ይቀበላል። ግፊቱ ሲጨመር መጀመሪያ የሚሸነፈው በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መታየት ይጀምራል፤ ውሃው ያለ ምክንያት ይጎድላል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ቀጥሎ ፋሻውና ብሮንዚኖቹ ይበላሻሉ፤ ሲብስም ቢየላው ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ከሞተሩ ኋላ ያሉት ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል የየራሳቸውን ዕዳ ይከፍላሉ።

ወልድያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑም ይታሰብ። የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዘው ይህን መፍያ ከፍ ለማድረግ ነው። ክዳኑ ያረጀበት መኪና በተከፈተ ፓምፕ ድልብን ሲወጣ ውሃውን የሚያፈላው በጣም ቀድሞ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው የተርቦ ነገር ነው። የመካከለኛ ጭነት መኪና ተርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አየሩ ሲሳሳና የጭሱ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ከዚያም ያልፋል። የዘንጉ ዘይት መያዣ ሲያልቅ ዘይቱ በአየር መሳቢያው በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ለመቃጠል እሳት ከውጭ አይፈልግም፤ ዘይቱንም እንደ ናፍጣ ያቃጥለዋል። ያኔ ሞተሩ ብቻውን መጮህ ይጀምራል፤ ቁልፉ ቢጠፋም፣ ናፍጣው ቢቋረጥም አይቆምም። ዘይቱን እስኪጨርስ ወይም እስኪፈነዳ ይዞራል። ማቆሚያው ሁለት ነው። መኪናው ቆሞ ከሆነ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፤ አለዚያ የአየር መሳቢያውን በጠንካራ ጣውላ ወይም ላሜራ መድፈን። በእጅ ወይም በጨርቅ ፈጽሞ አይሞከርም፤ መሳቢያው እጅን ይጎዳል፣ ጨርቁንም ይውጠዋል። በጭነት መኪና ላይ ለሚሠራ ረዳት ሁሉ ይህ ሊነገረው ይገባል።

ጉልበትን እስከ መጨረሻው የገፉትን ለማየት ወደ አሜሪካ የጉተታ ውድድሮች መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል ዶጅ ራም ላይ ሲገጠም 160 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሞተር፣ ተወዳዳሪዎች ከ2,000 በላይ አድርሰውታል። ይህን የሚያደርጉት ግን ብሎኩን አጠንክረው፣ ቢየላና ፒስተኑን በልዩ ብረት ቀይረው ነው። አንድ ጉተታ 100 ሜትር አይሞላም፤ ጊዜውም በሰከንድ ይቆጠራል። ደንቡም አየሩን በአንድ ገመድ የሚዘጋ መቁረጫ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ዘይቱን የሚበላ ሞተር በምን እንደሚቆም ያውቁታልና። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተሮቹ ይፈነዳሉ። የኛ ሾፌር የሚነዳው ግን ከወልድያ ጋሸና፣ ምናልባትም ሌሊቱን ሙሉ፣ ረዳቱና ሌላ ተሳፋሪ ጎኑ ተቀምጠው ነው።

ስለ ሞተሩ ጥፋት ይህን ያህል ካልኩ፣ ሰው የሚገድለው ግን በአብዛኛው ሌላው ወገን ነው፤ ቁልቁለቱ። ፓምፑ የተከፈተ መኪና ትርፉን ጭነት ተራራው ጫፍ ያደርሰዋል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ የተጨመረ ጉልበት ሥራው ያበቃል። ሲወርድ ሞተሩ ናፍጣ አይቀበልም፤ የሚይዘው በሲሊንደሩ መጠንና በዙሩ ብቻ ነው። 4.6 ሊትር የሆነ አይሱዙ ፓምፑ ምንም ያህል ቢከፈት ቁልቁለት ላይ የሚይዘው እንደ 4.6 ሊትር ሞተር ነው። የተረፈውን ሁሉ የሚሸከሙት የፍሬኑ ሸራና ታምቡሮቹ ናቸው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ዝቅ ሲል የሚለቀው ኃይል 4 ሊትር ያህል ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው፤ 40 ቶን ሲሆን ከ5 ሊትር ያልፋል። ያን ሙቀት ሞተሩ ካልተጋራው ታምቡሮቹ ይግላሉ፣ ሸራው መያዙን ይተዋል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ በሚወርደው መንገድ ግርጌ ሰፈርና ገበያ አለ።

ስለዚህ ይበልጥ ጉልበት የሚያስፈልገው ባለንብረት ትልቅ ሞተር ያለው፣ ፍሬኑም ለዚያ ክብደት የተሠራ መኪና ቢገዛ ይሻላል እላለሁ። ገንዘቡ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ኪራይ በኩንታል በሚከፈልበት አገር ትርፍ መጫንን እምቢ ማለትም ለሾፌር ከባድ ነው። ቢሆንም ፓምፑ አስቀድሞ የተከፈተበትን መኪና የሚነዳ ሾፌር ይህን ያህል ማድረግ ይችላል፦ ፓምፑን ወደ ልኩ በፓምፕ መፈተሻ ማሽን ማስመለስ፣ የተርቦውን ዘንግ መላወስና የአየር ቱቦውን ዘይት መፈተሽ፣ ረጅም ዳገት ከወጣ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ተርቦው እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ደግሞ የሸራውን ውፍረት አይቶ፣ የአየር ፍሬኑ ግፊት መሙላቱን አረጋግጦ፣ ትንሹን ማርሽ ገና ከጫፉ ላይ ማስገባት፤ መኪናው አንዴ ከፈጠነ ካምቢዮው አይቀበለውም።