የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ መጨረሻ

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ የነበረ ሰው፣ ቤቱ ቃላሚኖም ይሁን አይደር፣ ቀኑን አስታዋሽ አያሻውም። የኤርትራ አውሮፕላኖች የጣሉት ክላስተር ቦምብ አይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ ወረደ። 53 ሲቪሎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። የቆሰሉት 185 ናቸው። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ አየር ኃይልም የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደብድቧል።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ አስመራ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ሚግ-23 ተመቶ ወደቀ። አብራሪው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በሕይወት ተማረኩ። መማረካቸውን ይፋ ያደረገው ራሱ የኤርትራ መንግሥት ነው። በደርግ ዘመንም አውሮፕላናቸው ተመቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቀው ነበርና ምርኮ ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ሰኔ 7 ሁለቱ መንግሥታት በአሜሪካ አደራዳሪነት የአየር ድብደባ ለማቆም ተስማሙ። ሰማዩ ለወራት ጸጥ አለ፤ የተማረኩት ኮሎኔል ወሬ ግን አብሮ ጠፋ።

እኔ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ምርኮኛ የሚጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም፤ ሳይመዘገብ ሲቀርም ይጠፋል። ቀይ መስቀል እስረኛውን አይቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ካደረሰ በኋላ ሰውየውን መሰወር ከባድ ነው። ኤርትራ ግን እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ ቀይ መስቀል ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን እንዲጎበኝ አልፈቀደችም። ሁለቱ አገሮች ጦርነቱን ባበቃው የአልጀርስ ስምምነት ያቋቋሙት የካሳ ጥያቄ ኮሚሽን ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በዚህ ክልከላ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓታል። ኮሎኔሉ ከተያዙበት ቀን እስከዚያ ነሐሴ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በር አንኳኩቶ «በዛብህ ጴጥሮስ የታሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ገለልተኛ ሰው አልነበረም።

ኤርትራ በነሐሴ 1994 ዓ.ም. የቀሩትን የተመዘገቡ ምርኮኞች ስትለቅ እሳቸው አልነበሩበትም። ኢትዮጵያ የአብራሪውንና የሌሎች ጠፊዎችን ጉዳይ እያነሳች ምርኮኛ መመለሷን አዘገየች፤ ከ1,000 በላይ ኤርትራውያንን የለቀቀችው በኅዳር 1995 ዓ.ም. ነው። ኮሚሽኑ በዚህ መዘግየት ኢትዮጵያንም ጥፋተኛ ብሏታል። ጥያቄው ፍጹም ተገቢ ነበር፤ የሌላ እናት ልጅ ግን መያዣ ሊሆንለት አይገባም ነበር። እንዲያም ሆኖ መልስ አልተገኘም።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። ሐምሌ ላይ ስልክ ተከፈተ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስመራ አረፈ፣ ለ20 ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። መሪዎቹ በየአዳራሹ ተጨበጨበላቸው። ሁለቱ መንግሥታት በተቃቀፉበት በዚያ ሰሞን እንኳ የኮሎኔሉ ጉዳይ በይፋ አልተፈታም። ከዚያ በላይ ምቹ ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር?

በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነት በእስር የሞተ ምርኮኛ የሞት ምስክር ወረቀት እንዲጻፍለት፣ መቃብሩም ምልክት ተደርጎበት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው በዚያው በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ኮሎኔሉ በሕይወት ካሉ ያሉበት ቦታ፣ ካረፉም ቀኑና መቃብሩ።