የነጋዴ ማኅበርና የዘለቄታ ፕላን
ከጋምቤላ ወደብ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በአንድ ከተማ የሚኖሩ ነጋዴዎች መዋጮ አዋጥተው ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ዓመት የሚያሳስባቸው የጽሕፈት ቤት ኪራይ፥ ማኅተምና የጸሐፊ ደመወዝ ነው። በሁለተኛው ዓመት መዋጮውን ያልከፈለው ማን እንደሆነ መጠያየቅ ይጀመራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ለአባሉ ምን ሠርቶለት ሊገኝ እንደሚገባው የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የዘለቄታ ፕላን የሚባለውም ለዚሁ ጥያቄ በጽሑፍ የሚሰጥ መልስ እንጂ ሌላ ረቂቅ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ የንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 148 እንደገና ተደራጀ፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ደግሞ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ከታች እስከ አገር አቀፍ ደረጃ አዋቀረ። አባልነት በነጋዴው ፈቃድ ላይ በቆመበት ምክር ቤት፥ መዋጮ እንደ ግብር በግድ የሚሰበሰብ አይደለም። ነጋዴው ለከፈለው ገንዘብ ያገኘውን ይመዝናል፤ ያላገኘ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። ስለዚህ ፕላን ማውጣት ለትልልቅ ከተሞች ብቻ የተተወ ጌጥ ሳይሆን፥ ትንሹ ምክር ቤት በሩን ከፍቶ ለመቆየት የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ነገሩን በግልጽ ለማየት የጋምቤላን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል፥ በአራተኛው አንቀጹ፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፥ ወንዙን ይዞ ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጣቢያው የቆመው ግን በጋምቤላ ነው። ከጎሬ፥ ከቡሬና ከሰዮ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ወደዚያ ወረደ፤ ጨውና አቡጀዲ ከካርቱም በመርከብ መጣ።

የወደቡ አሠራር በሁለት ወቅት የተከፈለ ነበር። ደጋው ቡናውን የሚለቅመውና መንገዱም ለጭነት የሚመቸው በበጋ ነው፤ የእንፋሎት መርከብ በባሮ ላይ ሊወጣ የሚችለው ደግሞ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴው በበጋ በገንዘቡ ገዝቶ፥ በመጋዘን አከማችቶ፥ ውኃው እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ብድር፥ መጋዘንና የካርቱም ዋጋ ወሬ የሌለው ሰው ትርፉን ለሌላ አስረክቦ ይመለሳል። ሦስቱም ነገሮች አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊያገኛቸው የሚቸገርባቸው፥ ማኅበር ግን በጋራ ሊያሰናዳቸው የሚችል ናቸው።

ከዚህም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የኪራዩ ውል ራሱ ነው። ቦታው ለሱዳን የተሰጠው፥ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንደሆነ በውሉ ተጽፎ ነበር። ማለቂያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር ማለት ነው፤ ቀኑ ብቻ አልተቆረጠም። በ1909 ዓ.ም. የጂቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ደረሰና የደጋው ንግድ ወደ ምሥራቅ ያዘነብል ጀመር፤ በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ መጣ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች፤ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። ለአገሪቱ ታላቅ ደስታ የሆነው ይህ ቀን፥ ኑሮውን በመርከቡ ላይ ብቻ ላቆመ ነጋዴ አዲስ መንገድ መፈለጊያ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትና ወደ መኻል አገር የሚወስደው የመኪና መንገድ የወንዙን ንግድ እያመነመኑት ሄዱ።

ዛሬ በጋምቤላ ያለ ምክር ቤት ፕላን ቢያወጣ መነሻው የአባላቱ መዝገብ መሆን ይገባዋል። የመዠንግር ዞን ቡናና ማር ነጋዴ፥ ከኑዌር ዞን ከብት የሚነዳው፥ በባሮ ዓሣ የሚነግደው፥ በከተማው ሱቅ ከፍቶ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣው፥ ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ለሁሉም በአንድነት «የንግድ ልማት» የሚል ዓላማ መጻፍ ቀላል ነው፤ ለማንም ግን አይጠቅምም። ባለማሩ የሚፈልገው የጥራት ምርመራና ገዢ ነው፤ ባለሱቁ የሚፈልገው የጭነት ዋጋ ስምምነትና፥ ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት ሳይመላለስ የሚያስታርቀው የግልግል ሸንጎ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ተለይቶ መታሰብ አለበት። በመዋጮ ብቻ የሚኖር ማኅበር አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ይወድቃል፤ በመዋጮ፥ በአገልግሎት ክፍያና በተቀማጭ ገንዘብ የቆመ ግን ይሻገራል። ክፉው ዓመት ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ተነሥቶ የድንበሩን ገበያ አናወጠ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አስመጪው ሁሉ ሒሳቡን እንደገና መሥራት ግድ ሆነበት። እንዲህ ባለ ሳምንት ስብሰባ ጠርቶ መረጃ የሚያድል ጽሕፈት ቤት አባሉን አያጣም።

ፕላን ሲበዛም ይጎዳል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአቦቦ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ፥ ውኃው ተገድቦ የመስኖው ሥራ ስላልተከተለ፥ ለታሰበለት እርሻ ሳይውል ብዙ ዓመት ቆየ። ሃምሳ ገጽ ፕላን አትሞ ሁለት ሠራተኛ ያለው ምክር ቤትም ከዚህ አይለይም። ሦስት ሥራ መርጦ፥ ለእያንዳንዱ ኃላፊ፥ ገንዘብና ቀን ቆርጦ፥ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ መመርመር ይበልጣል።

የጉባኤው ቀን ራሱ ከፕላኑ የሚቆጠር ነው። ባሮ፥ ጊሎና አኮቦ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት በነሐሴ ከጅካዎና ከላሬ አባል ሊመጣ አይችልም፤ በዚያ ወር የተጠራ ጉባኤ የከተማው ሱቆች ጉባኤ ሆኖ ይቀራል። በታኅሣሥ ግን መንገዱ ደርቋል፤ የመዠንግር ቡናም ወደ ገበያ እየወጣ ስለሆነ፥ ለንግዱ የመጣው ሰው ለጉባኤውም ይቀመጣል።