33 ሚሊ ሜትር በረዶ

ስብሰባ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ባነር፣ የታሸገ ውኃና «ክቡራንና ክቡራት» የሚል ሰው ነው። እናንተም ከዚህ ብዙ የምትለዩ አይመስለኝም። ዛሬ የማወራችሁ ስብሰባ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

የአሜሪካ የመርከብ ነዳፊዎችና የመርከብ መሐንዲሶች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1893 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። የእንግሊዞቹ ማኅበር ደግሞ ይቀድመዋል፤ 1860። ነዳፊው የመርከቡን ቅርጽና ሚዛን ያሰላል፤ መሐንዲሱ ሞተሩን፣ ፓምፑን፣ መብራቱን ይይዛል። ማኅበሩ ትልቅ ዓመታዊ ጉባኤ አለው። እኔን የሳበኝ ግን ጉባኤው ሳይሆን በየአካባቢው ያሉት ቅርንጫፎች የሚያደርጓቸው ትናንሽ ስብሰባዎች ናቸው። ከሥራ በኋላ ይገናኛሉ፣ ብዙ ጊዜ እራት አለ፣ አንዱ ተነስቶ የሠራውን ያቀርባል፣ የቀሩት በጥያቄ ያፋጥጡታል። በቃ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «ይሄ ሁሉ ለምን?» የሚል ነበር። ፊዚክስ ሲያትልም ሂዩስተንም ያው ፊዚክስ ነው። በየአካባቢው መሰብሰብ ምን ይጨምራል?

ለካ ውኃው ያው አይደለም።

ታላላቅ ሐይቆች የሚባሉትን እንይ። ሚቺጋን ውስጥ መርከቦች ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ፖ ሎክ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ 366 ሜትር ርዝመት፣ 33.5 ሜትር ስፋት። ከዚህ የሚበልጥ መርከብ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ መርከቦች ሁሉ እንደ እርሳስ ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ፖል አር. ትሬጉርታ የሚባለው ትልቁ ወደ 309 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን 32 ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ውኃው ጨው የለውም፤ ብረት ቶሎ አይበላም። በ1952 ሥራ የጀመረው አርተር ኤም. አንደርሰን ከ70 ዓመት በኋላም ጭነት ሲያመላልስ ነበር። ውቅያኖስ ላይ ያለ የጭነት መርከብ እኮ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ለቁራጭ ብረት ይሸጣል! እዚያ አካባቢ የሚኖር መሐንዲስ አሮጌ መርከብ ላይ አዲስ ሞተር ስለመግጠም ቢያወራ አይገርምም። የሂዩስተኑ ስለ ባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫዎች ያወራል። ሲያትልና አካባቢው ደግሞ ወደ አላስካ የሚወጡ የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች አገር ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁትም በአንድ የማጥመጃ መርከብ በኩል ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2021 ያወጣውን የአደጋ ምርመራ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ጨርሼው ነው የተኛሁት።

መርከቡ ስካንዲስ ሮዝ ይባላል፤ 40 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2019 ማታ፣ ሌላው ዓለም አዲስ ዓመት ሲጠብቅ፣ አላስካ ባሕር ላይ ተገልብጦ ሰጠመ። 7 ሰዎች ነበሩበት፤ 2ቱ ብቻ ተረፉ።

እኔ ያነበብኩት «ከልክ በላይ ጭነው ይሆናል» ብዬ ነው። አልነበረም። ሠራተኞቹ መርከቡ ላይ በነበረው የጭነት መመሪያ መሠረት ነው የጫኑት። ስህተቱ የነበረው መመሪያው ራሱ ላይ ነው። መርከቡ በወረቀት ላይ የነበረውን ያህል የመመለስ አቅም አልነበረውም።

የመመለስ አቅም ምንድነው? ፖርቶመጋላው ላይ ፍየልና ከሰል ቆልሎ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ የሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? አውቶቡሱ ዘንበል ሲል «ተመለስ፣ ተመለስ» ትላላችሁ በልባችሁ። መርከብም እንደዚያው ነው። ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀና ማለት ይከብደዋል።

ይህን የሚለኩበት ዘዴ በጣም ነው የወደድኩት። መርከቡን ረጋ ያለ ውኃ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ ክብደቱ የታወቀ ዕቃ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ መርከቡ ትንሽ ያዘነብላል። ስንት እንዳዘነበለ በምን ያዩታል? ብዙ ጊዜ በቱንቢ! ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ያው ክርና ብረት። ከቱንቢው መወዛወዝ ተነስተው ነዳፊዎቹ የክብደቱን ማዕከል ያገኛሉ፤ ከዚያ «ይሄን ያህል ጫን» የሚለው ወረቀት ይጻፋል። ካፒቴኑ ወረቀቱን ያምናል። ሌላ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ በረዶው። የአሜሪካ ደንብ በክረምት በሰሜን ለሚሠሩ እንዲህ ያሉ መርከቦች ሂሳቡ ሲሠራ በአግድም ገጾች ላይ 33 ሚሊ ሜትር፣ በቁም ገጾች ላይ ደግሞ የዚያን ግማሽ በረዶ እንዲታሰብ ያዛል። ይህ ስሌት በረዶው ለሁለቱም ጎን እኩል እንደሚከፋፈል የሚያስብ ነው። ስካንዲስ ሮዝ ላይ ግን ነፋሱ ከአንድ ወገን ነበር፤ የሚረጨው ውኃ በዚያው ጎን እየቀዘቀዘ ከበደ። የሸርጣን ማጥመጃዎቹ ደግሞ የብረት ፍሬምና መረብ ስለሆኑ በረዶው በመካከላቸውም ገብቶ ይጋገራል። ቦርዱ በመጨረሻ በማጥመጃ ክምር ላይ በረዶ እንዴት እንደሚጠራቀም እንዲጠና ጠየቀ።

የሚያናድደው፣ ወረቀትና መርከብ ሲለያዩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፌብሩዋሪ 1983 አሜሪከስና አልቴር የሚባሉ ሁለት መርከቦች ቤሪንግ ባሕር ላይ 14 ሰዎችን ይዘው ጠፉ። መነሻቸው ከሲያትል ብዙ የማትርቀው አናኮርተስ ነበረች። መርከቦቹ ላይ በኋላ የማጥመጃ መሣሪያ ተጨምሯል፤ እውነተኛው ክብደትና በሂሳቡ ላይ ያለው ክብደት አልተገናኙም። በ1988 የወጣው የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች ደኅንነት ሕግ እንዲጸድቅ ከገፉት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው።

የትናንሾቹ ስብሰባዎች ጥቅም የገባኝ እዚህ ጋ ነው። 33 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር የሚጻፈው ሞቅ ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ለየትኛው ባሕርና ለየትኛው ጭነት እንደማይበቃ የሚያውቀው እዚያ አካባቢ የሠራ ሰው ነው። ሂሳቡን ያቀረበውን ነዳፊ «በአንድ ጎን ብቻ ቢመጣስ?» ብሎ የሚጠይቀው እንደዚህ ያለ ሰው መኖር አለበት፤ መርከቡ ወደብ ላይ እያለ።

አንድ ነገር ግን ትንሽ አስቸገረኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለአንድ ደንበኛ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ናቸው። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ዕውቀትህን በነፃ አትስጥ፣ ሌላው ይጠቀምበታል የሚል ነው። እኔ እንደማስበው መልሱ የሰፈር ጉዳይ ነው። ወደብ ትንሽ ቦታ ነው። መርከቡ ሲሰጥም የሟቹን ቤት ሁሉም ያውቀዋል፤ የኢንሹራንስ ዋጋውም የአንዱን ብቻ መርጦ አይጨምርም።

«እኛን ምን አገባን፣ ባሕር የለን» የሚል አይጠፋም። ባሕር ዳር የሠለጠኑ ልጆች ዛሬ በውጭ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ እየሠሩ ነው፤ እነሱን ያገባቸዋል። እኛንም ቢሆን ሐይቅ አለን።

አንድ ጊዜ ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ ስንሄድ አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ወደ አንድ ጎን ሮጥን፤ እኔም ጭምር። ጀልባዋ ዘንበል አለች። ቀዛፊው «ኧረ ተቀመጡ! ተቀመጡ!» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቀመጥን፣ ተሳሳቅን፣ ቪዲዮውን ለጠፍን።

ስንመለስ አጠገባቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ይቺ ጀልባ ስንት ሰው ነው የምትይዘው?» አልኳቸው።

«እሱማ እንደ ሰዉ ነው ልጄ» አሉኝና ሞተሩን አስነሱ።